ሞፈር ለሰቀለ አንድ ቁና

ባለፈው ሐሙስ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወርጄ ነበር። ለራሴ ጉዳይ አይደለም። ጓደኛዬ መምህር ታከለ ጡረታ ወጥቶ ወረቀቱን ሊያስጨርስ ሲሄድ «አስማረ፣ አብረኸኝ ና፤ አንተ ካለህ ሰልፉ ያጥርልኛል» ስላለኝ ነው። እውነቱን ነው፣ እኔ ያለሁበት ሰልፍ ለማንም ረዝሞ አያውቅም። ከፊታችን የቆመች አንዲት ሴትዮ በሳቅ ተራዋን ልታሳልፍ ነበር። መስኮቱ ጋ ስንደርስ የቢሮዋ ልጅ የመምህሩን ፎቶ ለጠፈች፣ ማኅተሟን ረገጥ አደረገች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችና «የእርስዎስ አባባ? የእርስዎ ጡረታ የት ነው?» አለችኝ። «አባባ» ማለቷን ይቅር ብያታለሁ። ገና ሃምሳ ስምንቴ ነው፣ ጥርሴም ከአንዱ በቀር ሙሉ ነው። ጥያቄዋ ግን አፌን ያዘው። እኔ አስማረ፣ ለቄስም ለዳኛም መልስ አጥቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ የመምህሩን እጅ ይዤ ከመስኮቱ ዞር አልኩ። የእኔ ጡረታ እኮ በሚመጣው እሑድ ድምፅ ሊሰጥበት ነበር፤ ይኑር ወይስ ይቅር ተብሎ። ይህን ለዚያች ልጅ በመስኮት በኩል እንዴት አድርጌ ልንገራት? ከኋላችን ሃያ ሰው ቆሟል።

ስንመለስ መምህር ታከለ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መንገዱን ሙሉ እጁን ከኪሱ ላይ አላነሳም። እኔ በመኪናው መስኮት አውድማዎቹን እያየሁ ነበር። ገብሱ ተወቅቶ አልቋል፣ ገለባው ተከምሯል፣ የገለባ ሽታ በመስኮቱ እየገባ አፍንጫዬን ይበላኛል። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚወስደኝ፤ ወደዚያ ሰንበቴ ቤት፣ ወደዚያ እሑድ፣ ወደ አያ ፈንታሁን።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ፣ ቁጥር አልወድም። በበረባሶ የምንሄድበት ዘመን ነው። ኮንጎ ጫማ ያለው ሰው ለቅዳሴ ሲመጣ እግሩን እያየን ነበር የምንሳለመው። ከተማ ወርዶ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት ሃያ አምስት ሳንቲም ይበቃል፤ ሃምሳ የያዘ ሰው ጓደኛ ይጋብዝና እስከ ማታ ሲመሰገን ይውላል። እኔ ያኔ ከሳልባጅ ተራ የገዛኋት ካኪ ኮት ነበረችኝ፣ አራት ኪስ ያላት። ከአራቱ ኪስ ሦስቱ ባዶ ናቸው። በአራተኛው የሳሙና መጠቅለያ ወረቀት እይዝ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ነው። የኔታ አላስተማሩኝም፣ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከሳሙና ወረቀት፣ ከክብሪት ቀፎና ከማዳበሪያ ጆንያ ነው የተማርኩት። እስከ ዛሬ ጽሑፌ ትንሽ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይላል የሚሉኝ አሉ። ይበሉ፣ ያበቅላል።

አያ ፈንታሁን ጎረቤታችን ነበሩ። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ እርፍ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ከኋላዬ ቆመው «አንተ ቀባጣሪ፣ አፍህን ዝጋና በሬውን እይ!» እያሉ። በአገሩ እንደሳቸው ቀጥ ያለ ትልም የሚያወጣ አልነበረም። ከሩቅ ስታዩት ማሳው የተበጠረ ፀጉር ይመስላል። ታዲያ አንድ ዓመት ትልማቸው ጠመመ። በሚቀጥለው ዓመት የባሰ ጠመመ። ዓይናቸው ላይ ሞራ እየወጣ ነበር፤ እሳቸው ግን በሬውን ይቆጡታል። መጨረሻ ላይ በጠራራ ፀሐይ የራሳቸውን ማሳ ጨርሰው የሰው ማሳ ውስጥ ገብተው ሲያርሱ ተገኙ። ማንም ምንም አላላቸውም። እሳቸው ግን ገባቸው። በሬዎቹን ፈቱ፣ ሞፈሩን በትከሻቸው ተሸክመው ቤታቸው ገቡ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ልጃቸው ዘርፌ ራቅ ብላ ስማዳ፣ ወገዳ ነው ያገባችው። ወሬውን ስትሰማ «ከጥምቀት በኋላ በቅሎ ይዤ መጥቼ እወስድዎታለሁ» ብላ ላከችባቸው።

ደግ ልጅ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ግን አያ ፈንታሁን መሄድ አልፈለጉም። ለማንም አላሉም እንጂ ለእኔ ብለውኛል። አጥር ላይ ተቀምጠን ነበር። «ወገዳ እኮ ክፉ አገር አይደለም» አልኳቸው።

«ማን ክፉ አለ?»

«ዘርፌም ትወድዎታለች።»

«ትወደኛለች። የአማቾቿ ቤት ነው ግን። በሰው ምድጃ ዳር ተቀምጬ 'ሽማግሌው ተነሡ፣ ሽማግሌው ተኙ' እየተባልኩ ልኖር?» ቀጥለውም «የዚህ ደብር ደወል ሲደወል በየትኛው በር እንደምገባ እግሬ ያውቃል። እዚያ ዓይን የሌለው ሰው በማን እግር ይገባል?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ፊቴን አዞርኩ። ሁለታችንም ነፋሱ ዓይናችን ውስጥ አቧራ የጣለ አስመሰልን።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ሰሞን ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው የእኔ ነበር ቢላችሁ አትመኑት። መምህር ታከለ ያኔ አዲስ የተመደበ ወጣት ነበር፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ሹራብ ይጠመጥማል። ከደሞዙ ትንሽ እንደምትቆረጥና ሲያረጅ ጡረታ ሆና እንደምትመለስለት ሲያስረዳኝ «ገበሬ አያረጅም እንዴ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከአንድ ቤት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሰንበቴ የምንጠጣው ሰዎች ሁላችን፣ እህል በወቃን ቁጥር ከየአውድማችን አንድ አንድ ቁና ብናወጣ፣ ሞፈር የሰቀለ ሽማግሌና የሚያርስላት ያጣች አሮጊት ከቤታቸው ሳይወጡ ይከርማሉ። አያ ፈንታሁንም ይህን ካገኙ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው እዚያው ደወላቸው ሥር ይኖራሉ። ይኸው ነው ነገሩ። አንድ ወር ሙሉ ከአውድማ አውድማ ዞርኩ። የሰው በሬ እየነዳሁ፣ የሰው መንሽ ተቀብዬ ገለባ እያዘራሁ፣ ራሴ ያወጣኋትን ግጥም አዜም ነበር፦

ሆ በል ጠቋሬ ዙር አውድማውን፣
ለሰቀለም እንስጥ አንዲት ቁናውን።

ድምፄ ያኔ ድምፅ ነበር። ከወንዝ ማዶ ያሉት ሁሉ ሥራ ያቆማሉ። ሚስቴ ታንጉት «የሚያቆሙት ጅብ የመጣ መስሏቸው ነው» ትላለች። እሷ የሙዚቃ ጆሮ የላትም።

የሚቃወመን አንድ ሰው ነበር፣ ቢተው የሚባል። ሰፊ መሬት ያለው፣ አራት በሬ የሚጠምድ፣ ክረምት ከበጋ ቡሉኮውን የማያወልቅ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂ ነበር። አውድማው ላይ ስሄድበት መንሹን ተደግፎ «አስማረ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞፈር የሰቀለ ሁሉ የሚበላ ከሆነ፣ ነገ አንተ ራስህ በሠላሳ ዓመትህ ብትሰቅልስ?» አለኝ።

«እኔ? እኔን የሚያህል አራሽ?»

«አንተን የሚያህል አውሪ ነው እንጂ ያየሁት።»

ልመልስለት ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ጥያቄ ነው። ሄጄ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። መሪጌታ የሰንበቴው አለቃ ናቸው፣ ቅኔ አዋቂ፣ ሲያስቡ ጺማቸውን በሁለት ጣት የሚያበጥሩ። አበጠሩና «ሞፈሩን በቤቱ አይስቀል፤ በሰንበቴ ቤት ግድግዳ ይስቀለው፤ ሁሉ ያየዋል፤ ሞፈሩን ያወረደ ቁናው ይቀርበታል» አሉ። ለቢተው ሄጄ ስነግረው «ይሄ ደህና ነው» አለ፣ «ድምፄን ግን አልሰጥህም።»

ከጥምቀት በኋላ ያለችው እሑድ ደረሰች። ዘርፌ ቅዳሜ በቅሎዋን ይዛ ገብታለች፤ ሰኞ ሊሄዱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባን። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት መደብ ላይ ተደረደሩ፣ እኛ የተጎዘጎዘው ሣር ላይ ቁጭ አልን፣ ሴቶቹ በበሩ በኩል። መሪጌታ ጸሎት አደረሱና ነገሩን አስረዱ። ከዚያ «እንግዲህ እጅ በማውጣት ነው። እንደ ደንባችን መጀመሪያ ታላላቆቹ ይናገሩ» አሉና ወደ አያ ፈንታሁን ዞሩ። «አያ ፈንታሁን፣ ይህ ቁና ይሰጥ ይላሉ ወይስ ይቅር ይላሉ?»

እኔ እጄን ለማውጣት ተዘጋጅቼ የኮቴን እጅጌ ሰብስቤያለሁ። አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ ልጆቼ። እኔ ምን ጎደለኝና የሰው ቁና እቀበላለሁ? ይቅር» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ቀጥሎ ያሉት አዛውንትም «አዎ፣ ምን በወጣችሁ፤ ይቅር» አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትም። ከዳር ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እማሆይ ሳይጠየቁ «ይቅር፣ ይቅር» አሉ። መደቡ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ይቅር አለ። መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። «እሺ... ከወጣቶቹ ይሰጥ የምትሉ እጅ አውጡ።» ማን ያወጣል? አባቶች አንፈልግም ካሉ በኋላ እጅ ማውጣት «ተርባችኋል፣ ደብቃችሁ ነው» ብሎ ፊታቸው ላይ መናገር ነው። ሁሉም ጉልበቱን ያያል። የእኔ እጅ ግማሽ ድረስ ወጥታ ነበር፤ እግዜር ይይላት፣ እዚያው ላይ ጭንቅላቴን አከክሁባት። ቢተው ቡሉኮውን ሰበሰበና «ባለጉዳዮቹ ካልፈለጉ ነገሩ አለቀ» አለ። አለቀ። የወር ዘፈኔ፣ ያ ሁሉ መንሽ። ዘርፌን በበሩ በኩል አየኋት፤ የበቅሎውን ልጓም በእጇ ጠምጥማ ይዛለች። አያ ፈንታሁን ደግሞ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ምንም ያልሆነ ሰው መስለው። ፊታቸውን ግን ዘርፌ ወዳለችበት በር አላዞሩም።

ከዚያ እንጀራው መጣ። የዕለቱ ተረኛ እኛ ስለነበርን ታንጉት ናት የምታዞረው። አያ ፈንታሁን ጋ ስትደርስ «ያንሡ» አለቻቸው። «በልቻለሁ ልጄ» አሉ። ምን በልተው? አስቀድሰው ነው የመጡት፣ ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም! ታንጉት አልተንቀሳቀሰችም። «በሞቴ!» አለች። «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ ለልጆቹ ስጪ።» «አፈር ስሆን! እኔን ይቅበሩኝ!» ያኔ አያ ፈንታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እንግዲህ እንዲህ ካልሽ» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፣ ጎረሱም። እንዴት እንደጎረሱ ባያችሁ።

እኔ እንደ ፌንጣ ዘልዬ ተነሣሁ። የያዝኩት ጠላ ኮቴ ላይ ፈሰሰ። «አባቶቼ!» ብዬ ጮኽኩ፣ «ድምፁ አላለቀም! አልተጠየቀም እኮ!»

«ተቀመጥ አንተ» አለኝ ቢተው፣ «ተጠይቆ ይቅር ተብሏል።»

«አንድ ጊዜ ነዋ የተጠየቀው! ቢተው፣ አንተ ሰው ቤት ገብተህ ብላ ስትባል መጀመሪያ ምን ትላለህ?»

«በልቻለሁ እላለኋ።»

«ከዚያ አስተናጋጇ ምግቡን አንሥታ ብትሄድስ?»

ቢተው አሰበ። ቤቱ ሁሉ ቢተውን ያያል። «ሁለተኛ እቤቷ አልደርስም» አለ።

«እኛ ያንሡ አልን፣ በልቻለሁ አሉ፣ መሶቡን ይዘን ሄድን! ይህ ምርጫ ነው ወይስ ነውር?»

መሪጌታ መጀመሪያ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ትከሻቸው። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጠራርገው ወደ መደቡ ዞሩ። «አያ ፈንታሁን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ቁና ይሰጥ? በሞቴ!»

«ኧረ መሪጌታ፣ ለራሳችሁስ መች በቃችሁ» አሉ አያ ፈንታሁን። ግን ድምፃቸው ለሰስ ብሏል።

«ማኅበርተኛው ሁሉ አፈር ስንሆን!»

ዘርፌ ልጓሙን ለቀቀችው። አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ፣ ሞራ ያለባቸውን ዓይኖች ወደ እኛ አዞሩ፤ ማንን እንደሚያዩ አላውቅም። «እንግዲህ አፈር ስንሆን ካላችሁ... እኔ እናንተን ልቅበር?» አሉ፣ እጃቸውንም ቀስ ብለው አነሡ። መደቡ ሁሉ ተከተለ፣ እማሆይ ሁለቱንም እጃቸውን ነው ያወጡት። ከዚያማ ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እጅ ብቻ ሆነ። አንድ እጅ ብቻ ቀረ፣ ከቡሉኮ ውስጥ። ሁላችን ወደ ቢተው ዞርን።

«ምን ታያላችሁ?» አለ ተቆጥቶ። «እኔን ማን በሞቴ አለኝ?»

ቤቱ ፈረሰ በሳቅ። ሦስት ጊዜ ለመንነው፤ በሦስተኛው ላይ አወጣ። ማግስቱን ዘርፌ በቅሎዋን ባዶዋን እየጎተተች ወደ ወገዳ ተመለሰች፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም። የአያ ፈንታሁንን ሞፈር ሰንበቴ ቤት የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱም ያው ደወል ተደወለላቸው፣ በሚያውቁትም በር ገቡ።

ይህ ሁሉ እንግዲህ በመኪናው መስኮት የገባ የገለባ ሽታ ነው። ዛሬ በረባሶ የለም፣ ሻይ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ልጆቹ ግጥሙን ከስልክ ነው የሚሰሙት። ግድግዳው ላይ ግን ሞፈሮቹ አሉ። ቢተው ራሱ ሰቅሎ፣ ቁናውን በልቶ፣ አርፏል፤ ሞፈሩ ከአያ ፈንታሁን ቀጥሎ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የእኔ። አዎ፣ የእኔ። ዓምና በቅሎ ጣለችኝና ጉልበቴ ተሰበረ። በእርግጥ የወደቀችው እሷ ናት፣ እኔ አብሬያት ስለነበርኩ ነው። ወጌሻው «እርፍ አትይዝም» አለኝ። ልጄ ከባሕር ዳር ይደውላል፤ «አባዬ፣ መጥታችሁ እኛ ጋ ኑሩ» ይለኛል። አንድ ክፍል ቤት ነው ያለው፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ደግ ልጅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። አያ ፈንታሁን አጥር ላይ ያሉኝን ያኔ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ የሰማሁት ግን ዘንድሮ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ገብሱን ውርጭ መታው፣ የማዳበሪያውም ዋጋ እንደምታውቁት ነው። ወጣቶቹ «ቁናው ይቀጥል ወይስ ይቅር ተብሎ ድምፅ ይሰጥበት» አሉ። አሁን የሰንበቴው አለቃ ማን መሰላችሁ? የቢተው ልጅ፣ ይርጋ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ቃለ ጉባኤውን በስልኩ ነው የሚጽፈው፣ እንደ አባቱ ጠያቂ ነው። እኔ ቅዳሜ ማታ ለታንጉት ማልኩላት። «እኔ እንደ ድሮ ሽማግሌ አልግደረደርም። እኔ የነቃሁ ሰው ነኝ። ሲጠይቁኝ እሰይ፣ ይሰጥ፣ አለቀ።» ታንጉት «እናያለን» አለች።

እሑድ መደቡ ላይ አስቀመጡኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ላይ ሰው ሁሉ ትንሽ ይመስላል። ይርጋ ነገሩን አስረዳ፤ ውርጩን ተናገረ፣ ማዳበሪያውን ተናገረ፤ የወጣቶቹ ፊት ጥሩ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አያ አስማረ፣ ከእርስዎ እንጀምር። ቁናው ይሰጥ ይላሉ ወይስ ይቅር?»

አፌን ከፈትኩ። ያዘጋጀሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ከሣሩ ላይ እርፍ ያስያዝኳቸው ልጆች ሁሉ ያዩኛል። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ ልጆቼ» ሲል ሰማሁት አፌን፣ «እኔ ምን ጎደለኝ? ይቅር።»

ታንጉት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ጉልበቴን ያዝኩ፤ የባሕር ዳሩ አንድ ክፍል ቤት ዓይኔ ላይ መጣ፣ የልጅ ልጆቼ ከአልጋ ወርደው ወለሉ ላይ ሲያነጥፉ። ከአጠገቤ ያሉት አዛውንትም «ይቅር» ሊሉ ከንፈራቸውን አላቀቁ። ይርጋ ከስልኩ ቀና አላለም። በአውራ ጣቱ የሆነ ነገር ጻፈ።

«አንድ» አለ። «ሁለት ይቀራል። አያ አስማረ፣ በሞቴ!»

ጉልበቴን የለቀቅሁት ያኔ ነው። ከሁለት ሞፈር ወዲያ የተሰቀለውን የአያ ፈንታሁንን ሞፈር አየሁትና፣ ሁለተኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ጠንከር አድርጌ እንቢ አልኩ። እንደሚጠይቁኝ ካወቅሁ ምን አስቸኮለኝ?